የፊት ወንበር ለማን እንክፈል?

የጉዞ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ክረምቱ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። ወደ አገር ቤት የሚደረግ ረጅም በረራ አለ። ልጆች አሉ፣ አያት አሉ። ከዚያ "ትንሽ ጨምረን ሻል ያለ ወንበር እንያዝ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ትኬት ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ቤተሰብ ለዚህ ጉዞ ስንት ወር እንደሚያጠራቅም አውቃለሁ። ስለዚህ ከተቻለ አንድም ዶላር ያለቦታው እንዲወጣ አልፈልግም። ዛሬ ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በነሐሴ መጀመሪያ ከዋሽንግተን ደለስ ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ የ10 ወር ሕፃንና የ74 ዓመት እናቴ ነን። ሕፃኑ ጭን ላይ ነው የሚሄደው። ትኬቱን የቆረጥነው ሁላችንም በአንድ ቡኪንግ ነው። ባለፈው ሳምንት "ዋጋ አቅርባችሁ ቢዝነስ ክላስ ግቡ" የሚል ኢሜይል መጣልን። ዝቅተኛው ዋጋ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ መንገድ 700 ዶላር ነው። ባለቤቴ "እኔና አንቺ ፊት እንሁን፣ ልጆቹ ከእማማ ጋር ይቀመጡ፣ በየተራ እየሄድን እናያቸዋለን" ይላል። እኔ ግን ከተከፈለ ለእናቴ ይከፈል ባይ ነኝ። ጉልበቷን በጣም ያማታል። ብዙ ስትቀመጥ እግሯም ያብጣል። እሷ ደግሞ ወሬውን ስትሰማ "እኔ ምን ሆኜ ነው ብቻዬን እዚያ የምቀመጠው? ብራችሁን አታባክኑ" አለችን። ሌላው ያሰብነው ለሁላችንም እግር መዘርጊያቸው ሰፋ ያሉትን የኢኮኖሚ ወንበሮች መግዛት ነው። ምን ይመክሩናል?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ ያሰቡት ልክ ነው። ከተከፈለ ለእናትዎ ይከፈል። ለሁላችሁም አይሁን፤ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ብቻም አይሁን።

በባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ብዙ አባወራ ይህንኑ ሲል ሰምቻለሁ። "በየተራ እናያቸዋለን" ሲወራ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ግን በሁለቱ ክፍሎች መካከል መጋረጃ አለ። ከኢኮኖሚ ወደ ፊት ተሻግሮ በሌላ ሰው ወንበር ላይ መተኛትን አስተናጋጆቹ ብዙ ጊዜ አይፈቅዱም። ከፊት ወደ ኋላ መምጣት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት መብራቱ ጠፍቶ ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር አጠገቡ ያሉት እናትዎ ናቸው። በዚያ ጉልበታቸው ይነሳሉ፣ ያቅፉታል፣ በጠባቡ መተላለፊያ ይመላለሳሉ። ወዲያው ደግሞ የስድስት ዓመቱ ሽንት ቤት ይላል። የኦክስጅን ጭምብል ቢወርድ ለሦስት ልጆች ማን ያጠልቃል? እናትዎ መቼም እምቢ አይሉም። "ሂዱ፣ እኔ አለሁ" ነው የሚሉት። እሳቸው እምቢ ስለማይሉ እኔ እምቢ እልላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለሁለቱም መንገድ አቅም ካላችሁ መልካም ነው። ለአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ለመመለሻው አድርጉት። ከደለስ ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ ሲሆን 13 ሰዓት ገደማ ነው። ሲመለሱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣውን ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣበታል። ስለዚህ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ነው የሚጠብቀው። ሁሉም ተደምሮ 16፣ 17 ሰዓት ይደርሳል። መነሻውም ሌሊት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሲሄዱ ጉጉቱ ራሱ ሰውን ያበረታል። ሲመለሱ ግን እናትዎ ለሳምንታት ዘመድ ሲጠይቁ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ሲወጡና ሲወርዱ ከርመው ነው። የመሰናበቻው ቀን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ይውላል። ከዚያ ቀን በኋላ በቀጥታ አውሮፕላን ላይ ለሚወጡ አሮጊት፣ የሚዘረጋ ወንበር ቅንጦት አይደለም።

ስለ እግራቸው እብጠት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቢዝነስ ክላስ መድኃኒት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ጉዞ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አደጋው በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከ6,000 ሰው አንድ ያህል። ዋናው መንስኤ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት መቆየት ነው። የፊት ወንበር ላይ ያለ ሰውም ሌሊቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ያው ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። እግር የሚያጠብቀው ረጅም ካልሲ ይስማማቸው እንደሆነ ይጠይቁላቸው። ውኃ ይጠጡ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ሲነቁ ትንሽ ይራመዱ። ወንበሩን ቢገዙም ባይገዙም ይህ አይቅር።

ኢሜይሉን ገና አይንኩት። እንዲህ ያለው ቅናሽ ጨረታ ነው። ዋጋው "ለአንድ ሰው" ተብሎ ይጻፋል እንጂ፣ በብዙ አየር መንገዶች በአንድ ቡኪንግ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ነው የሚያልፈው። 700 ብለው ቢጫኑና ቢቀበሉዎት፣ ወንበር ላላችሁት ለአምስታችሁ 3,500 ዶላር ከካርድዎ ሊወጣ ይችላል። አንዴ ከተቀበሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተመላሽ የለውም። እናትዎን ብቻ ፊት ለማስቀመጥ መጀመሪያ ወደ አየር መንገዱ ወይም ወደ ቆረጠላችሁ ቢሮ ደውለው የእሳቸው ትኬት ከቡኪንጉ እንዲለይ ይጠይቁ። ይህ የተለመደ ሥራ ነው፤ ትኬት ቆራጭ ሁሉ ያውቀዋል። ከተለየ በኋላ እናትዎ የራሳቸው የቡኪንግ ቁጥር ይኖራቸዋል።

እዚህ ላይ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ቡኪንጉ ሲለያይ ኮምፒውተሩ አንድ ቤተሰብ መሆናችሁን አያይም። በረራው ቢሰረዝ እናንተን ዛሬ፣ እናትዎን ነገ ሊያሳፍራችሁ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛውን "በሁለቱም ላይ አንዱ የሌላውን ቁጥር ይመዝገብልኝ፤ አብረው የሚጓዙ ቤተሰብ መሆናቸውም ይጻፍ" ይበሉት። ሁለቱንም ቁጥሮች በወረቀት ይያዙ። ዊልቸር፣ የጾም ምግብ፣ የመረጣችሁት ወንበር ቀድሞ ተመዝግቦ ከነበረም ከተለየው ትኬት ላይ እንዳልጠፋ ያረጋግጡ።

ከዚያ አውሮፕላኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። ሰው ሁሉ "ቢዝነስ" ሲባል አንድ ይመስለዋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ድሪምላይነርና በኤርባስ ኤ350-900 የቢዝነስ ክፍሉ ወንበር በየረድፉ በአብዛኛው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆኖ ነው የተደረደረው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በገቡት ኤ350-1000 አውሮፕላኖች ላይ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ነው። ልዩነቱ ጉልበት ለሚያመው ሰው ትልቅ ነው። ሁለት ሁለት በሆነው ላይ መስኮት ጥግ ከተቀመጡ፣ ጎረቤት ወንበሩን ዘርግቶ ሲተኛ በእግሩ ላይ ተራምደው ነው የሚወጡት። እናትዎ ያን አይችሉም። መሐል ካሉት ሁለቱ አንዱን ይያዙላቸው። መሐል ላይ ሁለቱም ሰዎች በየራሳቸው በኩል መተላለፊያ አላቸው። በየአየር መንገዱ ቆየት ባሉ አንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አይሆንም፤ ዘንበል ብሎ ይቀራል። ለእንደዚያ ያለው 700 ዶላር እኔ አልከፍልም።

በጨረታ ፊት የሄደ ሰው ሁሉንም የቢዝነስ ጥቅም ያገኛል ማለትም አይደለም። የሻንጣ ልክና የሚቆጠረው ማይል ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ትኬት ነው የሚሄደው። አየር ማረፊያ ውስጥ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል (ላውንጅ) በአንዱ አየር መንገድ ይፈቀዳል፣ በሌላው አይፈቀድም። "እናቴ ፊት ስለሆነች ሦስተኛ ሻንጣ ይያዝልን" ብለው አቅደው ከሆነ ቀድመው ይጠይቁ።

ጉዞው በነሐሴ መጀመሪያ ነው ብለውኛል። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ የፊቱ ክፍል ምግብ ምንም ያህል ቢያምር አይበሉትም። የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መታዘዝ አለበት። ትኬቱ ከተለየና ወንበሩ ካለፈ በኋላ እንደገና ይዘዙት፤ ክፍል ሲቀየር የምግብ ትእዛዝ የሚጠፋበት ጊዜ አለና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። እናትዎን እንዴት ያሳምኗቸዋል? በትኬት ቢሮ ዓመታቴ ልጆቻቸው ሊከፍሉላቸው እየለመኑ "ለእኔ ብላችሁ?" ብለው የሚቆጡ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። ይሉኝታው አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ፍርሃት ነው። ወንበሩን በምን ቁልፍ እንደሚዘረጉት አያውቁም። የማያውቁት ሰው አጠገብ መተኛት ያሳፍራቸዋል። ከልጅ ልጆቻቸው መራቅም ይከፋቸዋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የምትሄዱት ይህ ይቀላል፤ አስተናጋጆቹ በአማርኛ ያናግሯቸዋል። ሲሳፈሩ እርስዎ አብረዋቸው ይሂዱ። ለአስተናጋጇ "እናቴ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ወንበሩን እንዲያሳዩዋቸው" ብለው ያስተዋውቋቸው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ቤት ውስጥ ሆኖ የወንበሩን ፎቶ በስልክ ያሳያቸው። ዋጋውን አያንሱ። "ለራስሽ" አይበሏቸው፤ እንዲህ ያለች እናት ለራሷ ምንም አትቀበልም። እውነቱን ይንገሯቸው፦ "ጉልበትሽ መንገድ ላይ ከያዘሽ እኔ ሦስቱን ልጆች ትቼ አንቺን ነው የማየው። አንቺ ካረፍሽ እኔ ልጆቹን እችላቸዋለሁ።" ይህን ሲሰሙ የሚለሰልሱ ብዙ ናቸው።

ይህንንም ሰምተው እምቢ ካሉ አያስገድዷቸው። ብቻቸውን ተሳቀው ከሚያድሩ፣ በእናንተ መሐል መተላለፊያ ዳር ቢቀመጡ ይሻላል። ለዚህ ነው ጨረታውን ከማስገባትዎ በፊት ይጠይቋቸው የምለው።

ዊልቸር በሁለቱም ሁኔታ ይዘዙላቸው፤ ነፃ ነው። ወደ አሜሪካ በሚገቡና ከአሜሪካ በሚነሱ በረራዎች ላይ አየር መንገዱ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ የውጭ አየር መንገድም ቢሆን። ኢኮኖሚ ወይም ቢዝነስ ብሎ አይለይም። "ዊልቸር ያስፈልጋታል" ብቻ አይበሉ። ደረጃ መውጣት እንደሚችሉና እንደማይችሉ ይናገሩ፤ የሚመዘገበው ምልክት የተለያየ ነው። ካልተናገሩ አውሮፕላኑ ርቆ ሲቆም ደረጃው ሥር ሊያወርዷቸው ይችላሉ።

የቀራችሁት አራት ወንበር ነው የሚያስፈልጋችሁ። ለሁላችሁም እግር መዘርጊያ ወንበር መግዛት የሚለውን አልደግፍም። በአደጋ ጊዜ መውጫው በር አጠገብ ያሉት ሰፋፊ ወንበሮች ለእናንተ አይሆኑም። በአሜሪካ ደንብ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እዚያ አይቀመጥም፤ ትንሽ ልጅ የያዘ ወላጅም እንዲሁ። ገንዘብ ከፍላችሁም ያስነሷችኋል። ከግድግዳው ትይዩ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ግን ለሕፃኑ ይጠቅማል፤ የሕፃን አልጋ የሚገጠመው እዚያ ነው። አልጋው ብዙ ጊዜ እስከ 10 ወይም 11 ኪሎ ነው የሚችለው። የ10 ወር ልጅ እዚያ ልክ ላይ ነው፤ ዛሬውኑ ይመዝኑትና ይደውሉ። ያ ረድፍ ጉድለትም አለው። የእጅ መደገፊያው አይነሳም፣ ስለዚህ ልጆች ተጋድመው መተኛት አይችሉም። ሲነሳና ሲያርፍ ቦርሳ መሬት ላይ ማስቀመጥም አይቻልም።

እኔ ብሆን እርስዎን፣ ሕፃኑንና የዘጠኝ ዓመቱን ግድግዳው ጋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎና የስድስት ዓመቱ በቀጥታ ከኋላችሁ ይቀመጣሉ። ትንሹ የእጅ መደገፊያውን አንስቶ አባቱ ላይ ይተኛል። እግሩን ቢያወራጭም የሚመታው የእናቱን ወንበር ነው፣ ከማንም ጋር አያጣላችሁም።

ገንዘብ ከተረፋችሁ ደግሞ ከሁሉም በፊት የማስበው ለሕፃኑ የራሱን ወንበር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ እንዲሄድ ይፈቅዳል፤ ምክሩ ግን የራሱ ወንበር ላይ፣ ካርሲቱ ውስጥ ታስሮ እንዲሄድ ነው። አውሮፕላኑ በድንገት ሲናጥ የእናት ክንድ አይችልም። ካርሲታችሁ ላይ ለአውሮፕላን እንደሚሆን በቀይ የተጻፈ ማረጋገጫ መኖሩን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ መስኮት ጥግ ነው የሚታሰረው። የልጅ ትኬት ከአዋቂው ሩብ ያህል ቀንሶ ነው የሚሸጠው፤ ርካሽ አይደለም። ግን በሁለት ቢዝነስ ወንበርና በዚህ መካከል ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቼክ ኢን ላይ ሠራተኛዋ "ፊት ቦታ አለ፣ ይፈልጋሉ?" ልትልዎ ትችላለች። ልጅ እያለቀሰ፣ ሻንጣ እየተመዘነ፣ ከኋላ ሰልፍ እየገፋ ውሳኔ አይወሰንም። ከቤት ሳትወጡ ከባለቤትዎ ጋር ቁጥር ይቁረጡ። ለእናትዎ፣ ለመመለሻው፣ እስከዚህ ድረስ። ከዚያ በታች ከመጣ እሺ፣ በላይ ከሆነ አይሆንም። ነሐሴ ብዙ አበሻ የሚጓዝበት ወቅት ነውና ዝቅተኛው ጨረታ ባይሳካ አይዘኑ፤ ጨረታው ካላለፈ ገንዘቡ አይወሰድም።

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ ነው የምጽፈው። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉን። በሁለት አየር መንገድ ነው የምንሄደው፤ የመጀመሪያው በረራ በአሜሪካ አየር መንገድ፣ ሁለተኛውና ረጅሙ በውጭ አየር መንገድ። ድረ ገጹ አራታችንንም ለየብቻ በትኖ አስቀመጠን። አብሮ ለመቀመጥ ለእያንዳንዱ ወንበር፣ ለእያንዳንዱ በረራ እንድንከፍል ይጠይቃል። ልጄን አጠገቤ ለማስቀመጥ መክፈል አለብኝ?

አባት፣ ከሚኒሶታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጣዎ ይገባኛል። የ4 ዓመት ልጅ ብቻውን በማያውቃቸው ሰዎች መሐል አይቀመጥም። ለዚህ መክፈልም ያሳዝናል።

በአሜሪካው በረራ ይጀምሩ። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ትንሽ ልጅን ከአንድ አዋቂ ጋር ያለ ክፍያ ለማስቀመጥ ቃል የገቡትን የአገሪቱን አየር መንገዶች ዝርዝር በድረ ገጹ አውጥቷል። ዩናይትድም በዚያው ዓመት ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከቤተሰባቸው አንድ ሰው አጠገብ በነፃ እንዲቀመጡ የሚያስችል አሠራር አስጀምሯል። ስለዚህ ሳይከፍሉ በፊት ይደውሉ። የልጆቹ የልደት ቀን በቡኪንጉ ላይ በትክክል መግባቱን ያረጋግጡ። እሱ ካልገባ ኮምፒውተሩ አራት አዋቂ ነው የሚያየው።

የውጭው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 መሥሪያ ቤቱ 13 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ያለ ክፍያ ከወላጅ አጠገብ እንዲቀመጡ የሚያስገድድ ደንብ በሐሳብ ደረጃ አቅርቦ ነበር። ሐሳብ ግን ሕግ አይደለም። ስለዚህ በረጅሙ በረራ የሚገዛችሁ የአየር መንገዱ የራሱ አሠራር ነው። ትኬቱ ላይ የአንዱ ስም ተጽፎ አውሮፕላኑ የሌላው ሊሆን ይችላልና፣ የሚያበራው ማን እንደሆነ አይተው ለእሱ ይደውሉ።

ከደወሉም በኋላ ካልሆነ፣ ይክፈሉ። ግን ለአራታችሁም አይደለም። በረጅሙ በረራ ላይ ብቻ፣ ለአንዳችሁና ለሁለቱ ልጆች ሦስት ወንበር ጎን ለጎን ይግዙ። ሌላኛው ወላጅ ያገኘው ቦታ ይቀመጥ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀያየሩ። እዚህ ሁለታችሁም ኢኮኖሚ ስለሆናችሁ የሚከለክላችሁ የለም። ቼክ ኢን በተከፈተ ሰዓት ደግሞ ስልክዎ እጅዎ ላይ ይሁን። የተለቀቁ ወንበሮች ያን ጊዜ ይታያሉ።

ገንዘብ ከፍለው ወንበሩን ከከለከሉዎት ያስመልሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአሜሪካ የተመላሽ ደንብ፣ ተከፍሎበት ያልተሰጠ የወንበር ምርጫ ክፍያ ይመለስ ይላል።

"እዚያ ሄጄ ሰው እለምናለሁ" የሚለው ላይ አይመኩ። ሰዉ ደግ ነው፣ ብዙው ይነሳል። ግን ያ ሰውም ለመተላለፊያ ዳር ወንበሩ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ከለመኑ የተሻለውን ወይም እኩያውን ይስጡት፤ የመሐል ወንበር ይዞ የዳር መለመን ደግ አይደለም።

ጥያቄ፦ አባቴ 80 ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እኔና ወንድሞቼ ተዋጥተን ቢዝነስ ክላስ ቆረጥንለት። ጌቱ ላይ "ቦታ ሞልቷል" ብለው ኢኮኖሚ አስቀመጡት። እሱም ሰው ማስቸገር አይወድ፣ ዝም ብሎ ሄደ። አየር መንገዱን ስንጠይቅ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ልንሰጣችሁ እንችላለን አሉን። እንቀበል?

ሴት ልጅ፣ ከጀርመን

መልስ፦ አይቀበሉ፣ ምንም ነገርም አይፈርሙ። የአውሮፓ ኅብረት የተሳፋሪዎች መብት ደንብ፣ ቁጥር 261/2004፣ ከእናንተ ጋር ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ የማንም አየር መንገድ ይሁን በዚህ ደንብ ሥር ነው። ተሳፋሪ ከከፈለበት ክፍል ዝቅ ተደርጎ ሲቀመጥ፣ በረራው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከዋጋው 75 በመቶ ይመለስለታል። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከዚያ በብዙ ይርቃል። ክፍያው በ7 ቀን ውስጥ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ መሆን አለበት። በቫውቸር የሚሆነው እናንተ ፈርማችሁ ከተስማማችሁ ብቻ ነው።

የሚሰላው ግን አባትዎ ዝቅ ብለው በሄዱበት በዚያ በረራ ዋጋ እንጂ በደርሶ መልሱ ጠቅላላ ዋጋ አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ብሎ ወስኗል። ከክፍሉ ጋር የማይያያዝ ግብርና የአየር ማረፊያ ክፍያም አይገባበትም። ስለዚህ ከጠበቃችሁት አነስ ቢል አይደንግጡ። በመመለሻው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ቢሆን ኖሮ ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ ነበር። የእናንተ መሄጃው ላይ መሆኑ ጠቅሟችኋል።

በጀርመን እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕግ የሚቃጠለው ጉዳዩ ከደረሰበት ዓመት ማለቂያ ጀምሮ በ3 ዓመት ነው፤ ጊዜ አላችሁ። የቢዝነሱን ትኬትና አባትዎ በመጨረሻ የያዙትን የኢኮኖሚ ቦርዲንግ ፓስ አንድ ላይ አድርጋችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የባንክ ቁጥር ጻፉ፣ የመክፈያ ቀነ ገደብም አስቀምጡ። አባትዎ ቦርዲንግ ፓሱን ጥለውት ከሆነ ኪሳቸውንና የጸሎት መጽሐፋቸውን ፈትሹ፤ አባቶች እዚያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ካልተገኘ አየር መንገዱን በየትኛው ወንበር እንደሄዱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁት።